ዴዘርት ሮዜ ግንዷ ለሰለሰ፤ ትድናለች ወይስ ልጣላት?

ሰገነት (አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። ግንቦት ላይ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንድ ዴዘርት ሮዝ ገዛሁ። ያኔ ቀይ አበባ በአበባ ነበረች፤ ግንዷም ወፈር ያለ። በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት። ሻጩ «በየሁለት ቀኑ ውሃ አጠጫት» አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብም ከሰኔ እስከ ነሐሴ በደንብ ትጠጣለች፣ ከኅዳር በኋላ ይቀነስላታል ይላል። ይኸው ነሐሴ ነው። ቅጠሎቿ ቢጫ ሆነው ረግፈው አለቁ። ትናንት ግንዷን ስነካው በአንድ በኩል ልስልስ ብሏል፤ ጣቴ ሊገባ ምንም አልቀረው። ምን ላድርግ? ተስፋ አላት?

ድሬ ልጅ (ድሬዳዋ)
አቦ እናንተ አዲስ አበቦች ይቺን ተክል ለምን አትተዋትም! እኛ ጋ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ታብባለች። የቆላ ልጅ ናት፣ ብርድ ላይ አውጥታችሁ ዝናብ ታስመቷታላችሁ፣ ከዚያ «ምን ሆነችብኝ» ትላላችሁ።

ቁልቋል ወዳጅ (አዲስ አበባ)
ልጄ፣ ለመጣል አትቸኩዪ። መጀመሪያ መለየት ያለብሽ ነገር አለ። ዴዘርት ሮዝ በሁለት ምክንያት ትለሰልሳለች። ውሃ ሲጠማት ግንዷ ዙሪያውን እኩል ይላላል፣ ቆዳዋም ይሸበሸባል። እንዲህ ከሆነች ውሃ ስታገኝ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሳ ትጠነክራለች። ስትበሰብስ ግን ልስላሴው በአንድ በኩል ነው የሚጀምረው። ቦታው ይጠቁራል፣ ሲጫኑት ፈሳሽ ያወጣል፣ ይሸታል። አንቺ «በአንድ በኩል» ስላልሽ ፍርሃቴ ሁለተኛው ነው። ከማሰሮው አውጫትና ሥሯን አይተሽ ንገሪን። ነገ አትበዪ፤ ብስባሽ ሌሊትም አያርፍም።

ሰገነት
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አወጣኋት። አፈሩ ጥቁር ጭቃ ነው፣ እንደ ሊጥ ተጣብቋል። የሚገርመው የችግኝ ፕላስቲኩ ሳይወጣ ከነላስቲኩ ነው የተተከለችው! ከሥሮቿ ግማሾቹ ቡናማ ሆነዋል፤ ስጎትታቸው ልጣቸው እጄ ላይ ቀረ። ሽታውን አትጠይቁኝ። ከላይ ያለው ግን ጠንካራ ነው። ቅርንጫፏን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው አረንጓዴ ነው።

ቁልቋል ወዳጅ
ከላይ ጠንካራ ከሆነች ትድናለች። ሥራው ግን ጨከን ማለት ይፈልጋል። ጓንት አድርጊ። ስለታም ቢላ በአልኮል ጥረጊና የበሰበሰውን እየቆረጥሽ ውጪ። ንጹሕና ጠንካራ ሥጋ እስክታገኚ አታቁሚ። ትንሽ ቡናማ ነጥብ እንኳ ከቀረች ተመልሳ ትዛመታለች። በየቆረጣው ቢላውን እንደገና ጥረጊው፣ አለበለዚያ በሽታውን ራስሽ ነሽ የምታዛምቺው። ግማሽ ግንድ ቢሄድ አትደንግጪ፤ ከቀረው ሥር ታወጣለች።

ከዚያ ቁስሉ ላይ የሰልፈር ዱቄት ነስንሺ። ካጣሽ የቀረፋ ዱቄትም ብዙ አብቃዮች ይጠቀማሉ። አፈር የለም፣ ውሃ የለም። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ አጋድመሽ ተያት። ሞቃት አገር ላይ አንድ ሳምንት ይበቃል። በአዲስ አበባ ነሐሴ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት ብትቆይ ይሻላል። «ያለ ውሃ ትሞታለች» ብለሽ አትጨነቂ። ያን ወፍራም ግንድ ያበጀችው ውሃ ለማጠራቀም ነው።

መድኃኒት ቤት (አዳማ)
ጓንቱን እንደ ቀልድ አትለፊው እህቴ። ከሙያዬ አንጻር አንድ ነገር ልጨምር። የዚህች ተክል ፈሳሽ ልብን የሚመታ መርዝ አለው፤ ካርዲያክ ግላይኮሳይድ የሚባለው። ለልብ ሕመምተኛ የምንሰጠው ዲጎክሲን የተባለው መድኃኒትም ከዚሁ ወገን ነው። ልዩነቱ መድኃኒቱ በሚሊግራም ክፍልፋይ ተለክቶ ነው የሚሰጠው፤ ተክሏ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አልለካውም። ቆዳ ላይ ቢነካሽ ታጠቢው፣ ዓይንሽን አትንኪ። ቢላውን ወጥ ቤት አትመልሺው። ሕፃን ልጅ ወይም ቅጠል የሚያኝክ ውሻ ያለበት ቤት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትቀመጥ።

በታንዛኒያ ያሉት የሐድዛ አዳኞች ግንዷን አፍልተው ፈሳሹን ወፍራም ጥቁር እስኪሆን ያተኑታል። ከዚያ ቀስታቸው ጫፍ ላይ ይቀቡታል። ትልልቅ እንስሳ የሚጥሉት በዚህ ነው። እንግዲህ በረንዳሽ ላይ ያለችው ይህቺው ናት።

ዘመዶቿንም እወቂያቸው። በየከተማው ለአጥር የምትተከለው ኦሊያንደር የቅርብ ዘመዷ ናት፣ እሷም መርዛም ናት። ሜዳ ላይ የሚበቅለው ቶብያውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። አጋምም።

ድሬ ልጅ
አጋምም? ልጅ ሆኜ ስንት እፍኝ በላሁ መሰለህ! አሁን ልቤ ሲመታ መስማት ጀመርኩ።

መድኃኒት ቤት
የበሰለ የአጋም ፍሬ ብላ፣ ምንም አትሆንም። ቤተሰብ ነው ያልኩት፣ ጠባይ ሁሉ አንድ ነው አላልኩም። የአንድ እናት ልጆችስ ይመሳሰላሉ እንዴ?

የድሮ መጽሐፍ (አዲስ አበባ)
ታሪኳን የሚፈልግ ካለ ትንሽ ልበል። ይህቺን ተክል መጀመሪያ ለሳይንስ ያስመዘገባት ፒተር ፎርስኮል ነው፤ የታዋቂው የስዊድን ዕፅዋት ተመራማሪ የሊኔየስ ተማሪ። እ.ኤ.አ. በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ ምድር የላከው ጉዞ አባል ነበር። የመን ውስጥ አገኛትና ከኦሊያንደር ወገን መደባት። እሱ ግን መጽሐፉን ሳያይ ቀረ። በ1763 ያሪም የምትባል ከተማ ውስጥ በወባ ሞተ። ከተጓዦቹ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው፤ የፎርስኮልንም ጽሑፍ በ1775 ያሳተመለት እሱ ነው። አዲኒየም የሚለው የወገን ስም የወጣላት በኋላ፣ በ1819 ነው። ሙሉ ስሟ አዲኒየም ኦቤሰም፣ «ወፍራሟ» እንደማለት። ሰውየው ያያት ከእኛ ባሕር ማዶ ነው እንጂ እዚህም ሞልታለች።

የጂንካ ሹፌር
መሙላቷንስ እኔ ልመስክር። ቱሪስት ይዤ ከኮንሶ ወደ ወይጦ ሸለቆ ስወርድ፣ ከዚያም ወደ ቱርሚ ስንሄድ፣ በደረቁ ወራት ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ታያታላችሁ። ቅጠል የላትም። ዙሪያዋ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ግራጫ ነው፣ እሷ ብቻ ሐምራዊ ሮዝ አበባ ተሸክማለች። ፈረንጆቹ «አቁም አቁም» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚያዩ አልገባኝም ነበር፤ ለእኛ የመንገድ ዳር ተክል ናት። በቦረና በኩል ወደ ሞያሌ ስትወርዱም አለች፣ ሶማሌ ክልልም አለች።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንድም ጊዜ ረግረግ ላይ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ድንጋይ መሐል ናት። ዝናብ ሲመጣ ውሃው በአጠገቧ ያልፋል እንጂ አይተኛባትም።

ባለ አዲስ ቤት (አዲስ አበባ)
የጂንካ ሹፌር ወንድሜ፣ ስትመለስ አንድ ትልቅ ነቅለህ አታመጣልኝም? የሳሎኔ በር ላይ ባቆማት ምን ያምር መሰለህ። ዋጋውን እንነጋገራለን።

የጂንካ ሹፌር
አላመጣም። አትቀየመኝ። አንዱ እንዲህ ብሎኝ ሌላ ሹፌር ጭኖለት ነበር፤ ነቅለው ሲያወጧት ሥሯን ድንጋይ ውስጥ ቆርጠው ትተው ነው። አዲስ አበባ ደርሳ ቆማ በሰበሰች። ያን ያህል ለመወፈር ስንት ዓመት እንደፈጀባት አስበው።

ባለ አዲስ ቤት
አንድ ተክል ብትነቀል በረሃው አያልቅም እኮ ወንድሜ። ቤቴ ውስጥ ሲንከባከቧት ይሻላታል።

ዘር ሰብሳቢ (ሐዋሳ)
ባለ አዲስ ቤት፣ እንዳልከው አንተ ብቻ ብትሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ሁሉም «አንድ» ይላል። ደግሞ የሚነቀለው ሁልጊዜ ትልቁና የሚያምረው ነው፤ ያ ደግሞ ዘር የሚሰጠው ነው። ትንንሾቹ ብቻ የሚቀሩበት ዳገት ምን ዋጋ አለው? ደግሞ ለራስህም አያዋጣህም። በቆላ ድንጋይ ላይ ያደገች ተክል ሥሯ ተቆርጦ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስትወጣ ብዙውን ጊዜ አትተርፍም። ከዘር አብቅል። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ተወልዳ አዲስ አበባን ለምዳ ታድጋለች።

ዘሩ ቀላል ነው። ፍሬው ሁለት ሁለት ሆኖ እንደ ቀንድ ይወጣል። ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩ ይበናል፤ በሁለቱም ጫፉ ላይ ጸጉር ስላለው ነፋስ ይወስደዋል። ፍሬ ያለው ሰው ከመሰንጠቁ በፊት በክር ይሰረው። ዘሩ ትኩስ ከሆነ፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ካገኘ፣ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። የቆየ ዘር ግን ብዙ አትጠብቁበት።

ከቅርንጫፍም ይራባል፣ ቆርጦ አድርቆ መትከል ነው። ግን ከቅርንጫፍ የመጣ ተክል ያን ወፍራም ሆድ እንደ ዘሩ አያወጣም። ሆዱን ነው የምትወዱት ከሆነ ከዘር።

ጽጌ (አዲስ አበባ)
ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ። ይህቺ ተክል ቤት ውስጥ ካለች ሀብት ታመጣለች የሚባለው እውነት ነው?

ድሬ ልጅ
ለሻጩ ታመጣለች።

ቁልቋል ወዳጅ
ሰገነት፣ ዋናውን ነገር አሁን ልንገርሽ። ሻጩ አሳሳተሽ ብዬ ብቻ ልተወው አልፈልግም፤ ኢንተርኔቱም ለአንቺ አልተጻፈም። የምታነቢው ምክር አብዛኛው ከፍሎሪዳ፣ ከታይላንድ፣ ከሕንድ የመጣ ነው። እነሱ ጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀት ነው። ተክሏ ትሠራለች፣ ውሃ ትጠጣለች። እኛ ጋ እነዚያው ወራት ክረምት ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በሐምሌም በነሐሴም ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ቀኑ ደመና ነው፣ የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ዴዘርት ሮዝ ደግሞ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡባት አትችልም። ብርዱን ብቻ፣ ደርቃ ከሆነ፣ ለጊዜው ትታገሣለች። እርጥበቱንም ሙቀት ካለ ትወደዋለች። ሁለቱ ሲገናኙ ሥሯ ሥራ ያቆማል፣ ውሃው ደግሞ እዚያው ይቆማል። የአንቺን ለዚህ ያበቃት ይህ ነው።

ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው የራሱን አቆጣጠር ይያዝ። ሰኔ ሲገባ ዝናብ ከማይነካት ጣሪያ ሥር፣ ብርሃን ግን የምታገኝበት ቦታ አስገቧት፤ እስከ መስከረም ውሃውን እርሱት ማለት ይቻላል። ቅጠሏ ቢረግፍ ተኝታ ነው፣ ማንም አይቀስቅሳት። ከጥቅምት በኋላ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቀን ፀሐይ የሚመታው የግንብ ግድግዳ ጥግ ያዙላት፤ ግንቡ የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይመልስላታል። ውሃ ከሰጣችሁ ጥቂት፣ እሱም ረፋድ ላይ።

የእሷ ዋና ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ያኔ አዲስ አበባ ትሞቃለች። ቡቃያ ስታዩ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ጠብቃችሁ በደንብ አጠጧት፣ ትርፉ ከታች እስኪወጣ። ማዳበሪያም ያኔ። የበልግ ዝናብ ግን ሲያከታትል አስገቧት። ብዙ ሰው ግንቦት ላይ አበባ አይቶ ይገዛታል፣ ወር ሳይሞላ ክረምቱ ይገባል። ሻጮቹ ይህን ያውቃሉ ባይ ነኝ፣ አልምልም።

ሰገነት
ጋሼ ይህን ግንቦት ላይ ሰምቼው ቢሆን! ለማንኛውም ቆረጥኳት። ከግንዷ ሲሶ የሚሆን ሄደ። ቀረፋ ነስንሼ ፍሪጅ ላይ አጋድሜአታለሁ፣ እዚያ ሞቅ ይላል። እናቴ አይታ «ይሄ ድንች ምንድነው?» አለችኝ።

ቨርጂኒያ (አሜሪካ)
እኛ ጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በጋው ሙቅና ወበቃም ስለሆነ ውጭ አውጥቻት እንደ ጉድ ታድጋለች። መስከረም አካባቢ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ተክሎቼ ወደ ቤት ይገባሉ። ክረምቱን ቤዝመንት ውስጥ መስኮት አጠገብ ናቸው፤ ቅጠል የለም፣ ውሃ በወር አንዴ ጉንጭ ታህል። ሚያዝያ መጨረሻ ይወጣሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፤ ከጨለማ ቤት አውጥታችሁ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ አታስቀምጧት። ግንዷ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። ቀስ በቀስ አለማምዷት።

ደግሞ ከኢትዮጵያ ወደዚህ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ፦ አፈር ያለው ተክል አይገባም። ዘርም ሆነ ራቁት ሥር ያለው ተክል የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ይፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ከማምጣት እዚህ መግዛት ይሻላል፣ በየአትክልት መደብሩ አለች።

ጅዳ ነኝ (ሳዑዲ)
ሰላም እህት ወንድሞቼ። የምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ ብዙ አለች፤ የማዳም ፍቅር ናት፣ የእኔ ደግሞ ሥራ። እዚህ ሙቀቱ 40 ሲያልፍ ማሰሮ ውስጥ ያለችውን በየቀኑ ነው የማጠጣው፤ አንዳች አትሆንም፤ እንዲያውም አበባ ትጨምራለች። ስለዚህ «በረሃ ነች ውሃ አትወድም» የሚባለው ልክ አይመስለኝም። ሙቀትና የሚያሳልፍ አፈር ካላት ትጠጣለች።

እዚህ የሚሸጡት አብዛኞቹ የተጣበቁ (ግራፍት የተደረጉ) ናቸው፤ ከታች አንዱ ተክል፣ ከላይ ሌላው ተጣብቆ። አንዷ ላይ ነጭም ቀይም አበባ ታያላችሁ። አንገቷ ላይ ጠባሳ ካለ ያ ነው። ከጠባሳው በታች የሚወጣ ቅርንጫፍ ካያችሁ ቶሎ ቁረጡት፤ ካልሆነ የታችኛው ያሸንፍና የገዛችሁት ቀለም ይጠፋል።

ቁልቋል ወዳጅ
ጅዳ ነኝ እውነቷን ነው፤ በዚህ እኔም እስማማለሁ። ጥያቄው ስንት ጊዜ ትጠጣ ሳይሆን አፈሩ በስንት ጊዜ ይደርቃል ነው። ሰገነት፣ የአንቺም በላይኛው በኩል ጠባሳ ካለ እይ፤ ስትቆርጪ ከጠባሳው በታች በቂ ግንድ መቅረቱን አረጋግጪ።

ብሎኬት (አዲስ አበባ)
ስለ አፈሩ ማንም አላነሳም። እኔ ኮንስትራክሽን ነው የምሠራው፣ አትክልት የያዝኩት በባለቤቴ ግፊት ነው። ከውጭ የሚመጣው ልዩ አፈር ዋጋው አይቀመስም። ግን ፈረንጆቹ የሚጽፉት ፐሚስ (ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እኮ የእኛ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ተከምሮ ያለው ነው! ከስምጥ ሸለቆ በመኪና ነው የሚመጣው። ቀይ አሽም እንዲሁ፤ መንገድ ሲሠራ የሚደፋው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር። አንድ ባልዲ ብትጠይቁ ማንም አይከለክላችሁም። ዱቄቱን ወንፊት ላይ አራግፋችሁ በውሃ እጠቡትና ከባቄላ እስከ አተር የሚያህለውን ውሰዱ። እኔ ሁለት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት አደርጋለሁ። ጥቁር አፈር ግን በጭራሽ፤ ያ አፈር ቤት እንኳ ይሰነጥቃል።

ማሰሮው ቢቻል ሸክላ ይሁን፣ ከታች በደንብ የተበሳ። ከሥሩ ሳህን አታስቀምጡ፣ ካስቀመጣችሁም የተጠራቀመውን ድፉት።

ባለ አዲስ ቤት
እሺ፣ መንቀሉን ትቻለሁ፣ ሁላችሁም ወረዳችሁብኝ። ከዘር ካበቀልኩ ያ የሚያምረው ሥር ወደ ላይ ወጥቶ የሚታየው እንዴት ነው የሚመጣው? ወይስ ሃያ ዓመት ልጠብቅ?

ዘር ሰብሳቢ
ተባረክ! ሥሩ ወደ ላይ የሚወጣው በሰው እጅ ነው። ማሰሮ በምትቀይርበት ጊዜ ሁሉ ከቀድሞው ትንሽ ከፍ አድርገህ ትክላት። የተጋለጠው ሥር ይወፍራል። አንዳንዱ ደግሞ ሥሩን በሳህን ላይ ዘርግቶ ይተክላል፣ ወደ ጎን እንዲሰፋ። አበባውን በሞቃት ቦታ በሁለተኛው ዓመት ልታይ ትችላለህ፤ አዲስ አበባ ይዘገያል። ዘሩን የካቲት ላይ ዝራ፣ ከክረምቱ በፊት ጠንክራ እንድትጠብቅህ። የመጀመሪያውን ክረምት ቤት ውስጥ ታሳልፍ።

ሰገነት
ጠባሳ የላትም፤ ከዘር የመጣች ትመስላለች። ቁስሉ መድረቅ ጀምሯል። መቼ ልትከላት? መስከረም 1 ብዬ ቀን ቆርጬ ነበር።

ቁልቋል ወዳጅ
ለእንቁጣጣሽ አትቸኩዪ፣ ዝናቡ ገና አይወጣም። መስቀል ይለፍ፣ ሰማዩ ይጥራ፣ ከዚያ ብሎኬት ባለው አፈር ትከያት። ማሰሮው ከገላዋ ትንሽ ብቻ ይስፋ፤ ትልቅ ማሰሮ ውሃ ይይዛል። እንዳትወዛወዝ ጠጠር ደግፊላት። ከተተከለች በኋላ ቢያንስ ለሳምንት ውሃ አትስጪ፣ ከዚያ ጥቂት። በደንብ ማጠጣት የምትጀምሪው ቡቃያ ስታዪ ነው፤ ምናልባት እስከ የካቲት ዝም ትልሻለች። በየቀኑ እየነቀልሽ «ሥር አወጣች ወይ» ብለሽ አትይ።

ጽጌ
እኔም ገዛሁ፣ ከክረምቱ በፊት። ደህና ናት፣ ጣሪያ ሥር ነበረች። ግን እንቡጦቿ ላይ ቢጫ ቢጫ ትንንሽ ነፍሳት ሰፍረዋል። ጉንዳንም ይመላለሳል። ምንድናቸው?

ጅዳ ነኝ
የኦሊያንደር ክሽክሽ ናቸው እህቴ፤ እዚህም ያስቸግሩኛል። መርዟ አይነካቸውም፣ እንዲያውም ራሳቸውን ለመከላከል ይጠቀሙበታል። ጉንዳኑ የሚመጣው ነፍሳቱ የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው። በሊትር ውሃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ አመሻሽ ላይ እርጪባቸው፣ ቅጠሉን ከሥሩም ጭምር። ፀሐይ ላይ አትርጪ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ድገሚው፤ አንድ ጊዜ አይበቃም። ሲደርቅ ሳሙናውን በትንሽ ውሃ አጥቢላት፣ አፈሩ ላይ ግን ላስቲክ ሸፍኚ፣ ውሃው እንዳይገባ።